የወጌሻው ድምፅ

ሦስት ካሜራ ይዘው ከአዲስ አበባ መጡ፣
አዘዞ ላይ ወርደው በባጃጅ ወጡ።
ውሉ ስምንት ገጽ፣ ተከታታዩም ስምንት ክፍል፣
የሚከፍሉን ገንዘብ የሦስት ወር ደመወዝ ያህል፤
የእኛ ውዝፍ ደግሞ አራት ወር ሞልቶታል፣
የአውቶቡሱም ጎማ ክሩ ወጥቶበታል።

እኔ ወጌሻ ነኝ። የቀሃ ኮከብ ጉልበት
በእጄ ነው የሚያድር፣ በቅባትና በሙቀት።
የማን ቁርጭምጭሚት ዝናብን ቀድሞ እንደሚያውቅ፣
የማን ባት ሌሊቱን ተኮማትሮ እንደሚጨነቅ፣
አውቃለሁ፤ አልናገርም።
የአንለይ፣ የአምበላችን፣ የቀኝ ጉልበቱ
እስከ ፋሲካ ቢደርስ ነው ብርታቱ፤
ሊገዛው የሚያስበው ቡድን ይህን ቢያይ
ዋጋው በአንድ ሌሊት ይወርዳል ከሰማይ።

ስብሰባው ከደረጃው መቀመጫ ሥር፣
ላብና ጭቃ በሚሸት ክፍል ነበር።
አሰልጣኝ ይበልጣል «ይግቡ» አለ ቀድሞ፣
«ሕዝቡ ጎሉን ያያል፤ ማን አየ ግን ቆሞ
በባዶ ሆድ ስንሮጥ? ይታይልን፣ ይታይ!»
«ገበና ነው» አለ ከጥጉ አንለይ፣
«መልበሻ ቤት ማለት የቤት ጓዳ ማለት፣
እንግዳማ ሳሎን ነው የሚቀመጥበት።»

እንየው በረኛው ጓንቱን ያገላብጣል፣ ዝም።
ከጨዋታ በፊት ሁልጊዜ ያስመልሰዋል፤
ሁላችንም እናውቃለን፣ አንድም ቀን አላወራንም።
አንዱ ባልዲ ያቀርባል፣ አንዱ ሬዲዮ ከፍ ያደርጋል፤
በቃ።

ተነሣ ማስተዋል፣ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ክንፍ፣
ዓመቱን ሙሉ ያሞቀ የተጠባባቂ ወንበር ጫፍ፦
«እናቴ ጭልጋ ናት። ጨዋታ ሲተላለፍ
ጎረቤት ሄዳ ትጠብቀኛለች፤ እኔ ግን አላልፍ
ነጩን መስመር። በዘጠናው ደቂቃ ውስጥ የለሁም።
እዚህ ግን አለሁ፤ ጫማ ስቀይር፣ ስስቅ፣ ስጾምም።
ከመጋረጃው ፊት እኔን ማን አይቶኝ?
ጀርባው ነው አገሬ፤ እዚያው አሳዩኝ።»

ማንም አልመለሰለት።
ማሊያ አጣቢዋ የሻረግ ከበሩ ቆማ ትሰማለች፣
«እኔንም ያነሱኛል?» አለች፣
«እንግዲያው ሳሙና ጨምሩልኝ።»

ለአንድ ቀን እንሞክር ተባለ።
ቅዳሜ ካሜራው ገባ፤ ሁሉም ሌላ ሰው መሰለ።
ቁጣ የማያውቀው ይበልጣል ጠርሙስ ወረወረ፣
አንለይ ማነከሱን ዋጥ አድርጎ ጨፈረ፣
ማስተዋል ፀጉሩን ተስተካክሎ መጣ።
እንየው ባልዲውን በእግሩ ገፋው፤ ከሆዱ ምንም አልወጣ።
ሜዳ ገባ። ሁለት ቀላል ኳስ
በእግሮቹ መሐል ሾለከ፣ እንደ ነፋስ።

ማታ ድምፅ ተሰጠ። ዐሥራ አንድ ለዐሥራ አንድ።
ያልተቆጠረ የእኔ ብቻ ቀረ፣ አንድ።
«ወጌሻ፣ ይግቡ ካልክ እጅህን አንሣ» ሲባል
መብራት ሄደ። እንደ ልማዱ፣ ሳይሰናበት።
የካሜራው ቀይ ነጥብ ብቻ ቀረች፣ በግድግዳው በኩል።

ከዚያ የእንየው ድምፅ፦
«ዛሬ ስላላስመለስኩ ነው» አለ።
«ፍርሃቴን ዋጥኩት፤ እሱ ደግሞ እጄን ዋጠ።»
ማንም አልሳቀም።
የሆነ ሰው በጨለማው ባልዲውን ወደ እሱ ሲገፋው
ሲሚንቶው ላይ ሲፋጭ ተሰማ።

ቀይዋ ነጥብ ጥቂት ቆየች። ከዚያ ጠፋች።
ሳምራዊት ናት፣ ባለካሜራዋ፤ ማንም ሳያዛት አጠፋች።

እጄን አነሣሁ፣ ቅባቱ ያልደረቀ እጄን።
በዚያ ጨለማ ማን ሊያይልኝ?
«ወጌሻ፣ ምን አልክ?» ይላል ይበልጣል፣ ደጋግሞ።
መብራቱ ዘገየ፤
ክንዴ ዛለ።